«የበታች»፦ ግስ ያጣ ቃል

ስለ ሥልጣን የሚናገሩት የአማርኛ ቃላት አብዛኞቹ ግስ ያላቸው ናቸው። «ሾመ» ሲባል ሿሚ አለ፤ «ተሾመ» ሲባል ከሌላ እጅ የተቀበለ ሰው አለ፤ ቃሉ «ሹም»፣ «ሹመት»፣ «ተሿሚ» እየሆነ በልዩ ልዩ መልክ ሲረባም ያ የመጀመሪያው ድርጊት ከውስጡ አይጠፋም። «ሻረ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው የአገር ምሳሌ ሹመትን በሁለት ግሶች መካከል ተንጠልጥሎ የሚኖር ነገር አድርጎ ማየቱ ከዚህ የመጣ ነው፤ የተሰጠ ነገር ይወሰዳልና። ከሹሙ ግርጌ ለቆመው ሰው ግን ቋንቋው ይህን ያህል አልደከመለትም። «የበታች» የሚለው ቃል ሰውየውን ማን ከበታች እንዳዋለው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደዋለ፣ ነገ ከዚያ ሊነሣ ይችል እንደሆነ የሚናገር ግስ የለውም። «ታቸ» ብሎ ያረባ፣ «አስታቸኝ» ብሎ የከሰሰ አማርኛ ተናጋሪ እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ነገሩ የሰዋስው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለክፍል ውስጥ ትምህርት በተተወ ነበር። ዳሩ ግን የልብ ወለድ ደራሲው፣ የቴአትር ጸሐፊው፣ ተርጓሚውና ተዋናዩ ዘወትር ከዚህ ቃል ጋር ይገናኛሉ። አንድን ሰው የበታች ብሎ በስም መጥራትና ያንን ሰው ማን፣ እንዴት ዝቅ እንዳደረገው በግስ መተረክ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው የሰውየውን ቦታ ያሳያል፣ ሁለተኛው ወደዚያ ቦታ የገፋውን እጅ ያሳያል። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስለ ዝቅተኛው ሰው ከተጻፈው ብዙ ገጽ መካከል ሕያው ሆኖ የቀረው ጥቂቱ ብቻ ነው። ምክንያቱ በደራሲዎቹ የርኅራኄ ማነስ ከሚፈለግ ይልቅ በዚህ ልዩነት ላይ ቢፈለግ የተሻለ ፍሬ ይገኛል።

የቃሉ መነሻ «ታች» ነው፤ የቦታ ስም። ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ሰው ከላይ እስከ ታች ይታያል፤ ጉዳይ ያለበት ባለ ጉዳይ ላይ ታች ይላል። በዚህ ደረጃ ቃሉ ማንንም አይነካም። «በ» ሲጨመርበት ከሌላ ነገር ጋር ማነጻጸር ይጀምራል፤ ከጣሪያው በታች፣ ከአምስት ዓመት በታች፣ ከመቶ አለቃ በታች ይባላል። እዚህም ቢሆን «ከእርሱ በታች ያለ» የሚለው አነጋገር በ«ያለ» ውስጥ የግስ ትንፋሽ አለው፤ ዛሬ ያለ ነገ ላይኖር ይችላል። «የ» በፊቱ ሲቆም ግን ያ ትንፋሽ ይቋረጣል። «የበታች» ቅጽል ይሆናል፤ ብዙም ሳይቆይ የሚገልጸውን ስም ጥሎ ራሱ ስም ሆኖ ይቀመጣል፤ ይበዛና «የበታቾች» ይባላል፤ ከዚያም በባለቤት እጅ ገብቶ «የበታቾቹን ሰበሰበ» ይባላል። በዚህ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ያለችው ትንሽ ምዕላድ የታወቁ የበታች ሰዎችን ታመልክት ወይስ ሰዎቹ የአለቃው ገንዘብ መሆናቸውን ትናገር ለመለየት ያስቸግራል፤ ቋንቋው ራሱ ሁለቱን አልለያቸውም። የመጨረሻዋ እርምጃ «የበታችነት» ናት። የውሃ መውረጃን ያመለክት የነበረው ቃል የሰው ጠባይ ሆኖ ያርፋል።

የሚገርመው ነገር የቃሉ ቤት ከጥንት ጀምሮ ግስ የሌለው አለመሆኑ ነው። «ታች» የግእዙ «ታሕት» ልጅ ነው፤ በግእዝ ደግሞ «አትሐተ» የሚል፣ ዝቅ አደረገ ማለት የሆነ ግስ አለ። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሱን ይዞ ርባታውን ሲቆጥር «ታሕት»ን፣ «ትሑት»ን፣ «ትሕትና»ን በአንድ ቤት ያገኛቸዋል። አማርኛ ከዚህ ቤት ቦታውን ወስዶ «ታች» አለ፤ ምግባሩን ወስዶ «ትሕትና» አለ፤ ግሱን ግን ደጃፍ ላይ ትቶት መጣ። ከዚህም የተነሣ በአንድ ሥር ላይ የበቀሉ ሁለት ቃላት በአንድ ሰው ላይ ይወድቃሉ፤ ስለ ኑሮው የበታች ይባላል፣ ኑሮውን ተቀብሎ ዝም ሲል ትሑት ተብሎ ይመሰገናል። ትሕትና በእውነተኛ ትርጉሙ ሰው በገዛ ፈቃዱ ራሱን ዝቅ ማድረጉ ነው፤ አድራጊውም ተደራጊውም አንድ ሰው ነው። ሌላ ሰው አንገቱን ያስደፋውን ሰው ትሑት ማለት ግን የቃሉን ሒሳብ ማዛባት ነው። በአያሌ ልብ ወለዶች ውስጥ ታማኙ አሽከር፣ ታዛዧ ሞግዚት፣ እጅ ነሥቶ የሚያስተናግደው ጭሰኛ የተሣሉበት ቀለም ከዚሁ የተዛባ ሒሳብ የተቀዳ ነው። እነዚህ ሰዎች በገጹ ላይ ይታያሉ እንጂ አንዳች ነገር አይደርስባቸውም፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ትሑት ሆነው ገብተው በመጨረሻው ምዕራፍ ትሑት ሆነው ይወጣሉ።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ ረገድ ደጋግሞ ሊጠና የሚገባው መጽሐፍ ነው። ጉዱ ካሳ ኅብረተሰቡን ከድንጋይ ካብ ጋር ያመሳሰለበትን ቦታ የማያስታውስ አንባቢ የለም። ድንጋዩ ያለ ጭቃ ተነባብሮ የቆመ በመሆኑ የላይኛው የታችኛውን ተጭኖ ይኖራል፤ የታችኛው ሲፈነቀል ደግሞ ከላይ ያለው አብሮ ይናዳል። ምስሉ በየትምህርት ቤቱ ሲጠቀስና ሲመሰገን ኖሯል፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ምክንያቱም «ታች» በሰው ላይ ከመለጠፉ በፊት የነበረውን የቦታ ትርጉም መልሶ ያገኘው በዚህ ምስል ውስጥ ነው። የታችኛው ድንጋይ ከላይኛው በባሕርይ አይለይም፤ ያው ድንጋይ ነው፤ የለየው የተቀመጠበት ቦታ ነው። አጥንት በሚቆጠርበት፣ «ባላባት» የሚለው ማዕረግ አባት ያለው ማለት ሆኖ የሌላውን ሁሉ አባት ከቁጥር በሚያወጣበት ሥርዓት ውስጥ ይህን መናገር ቀላል አልነበረም።

ይሁንና ካብ ካብ ነው፣ ድንጋይም ድንጋይ ነው። ምስሉ የክብደቱን ስርጭት ያሳያል እንጂ የካቢውን እጅ አያሳይም፤ የታችኛው ድንጋይም ከቦታው ቢነቃነቅ በራሱ ፈቃድ ይነቃነቅ ወይስ ሌላ ነገር ገፍቶት አይለይም። ጉዱ ካሳን የልቦለዱ አንደበት አድርገው የሚያነቡ ብዙዎች በዚህ ምስል ላይ ቆመው ይቀራሉ። የመጽሐፉ ጠለቅ ያለ መልስ ግን ከንግግሩ ይልቅ በገበሬዎቹ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ፊታውራሪ መሸሻ እምቢ ያሏቸውን ገበሬዎች ሊቀጡ ይዘምታሉ፤ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ይማርኳቸዋል። በዚህ ክፍል ገበሬው በስም መኖሩን ትቶ በግስ መኖር ይጀምራል፤ እምቢ ይላል፣ ይሰበሰባል፣ ይዋጋል፣ ይማርካል። በስሞቹም ላይ አንድ ነገር አለ። «ፊታውራሪ» ከጦሩ ፊት የሚሄድ ሰው ማዕረግ ሲሆን ማዕረጉን የተሸከመው ስም «መሸሻ» ነው፤ የገበሬዎቹ አለቃ ስም ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ግሶች የተሠራ ነው፣ አንደኛው ያለፈ ሥራ፣ ሁለተኛው ትእዛዝ። ደራሲው ይህን ዐውቆ ይሁን ወይስ በጎጃም እንዲህ ያለ ስም ስለማይታጣ ብቻ ይሁን መከራከር አያሻም፤ ሲነበብ እንቅስቃሴው ይሰማል።

በዛብህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። በትምህርቱ ፊት የሚቆምለት በቤቱ ውስጥ የለም፤ በትውልዱ ደግሞ የድኻ ገበሬ ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር ሲገባ መጽሐፉ በተዘረጋበት ሰዓት መምህር እርሱ ነው፣ ተማሪ እርሷ ናት፤ ጥናቱ ሲያበቃ የጌታው ልጅ እርሷ ናት፣ ተቀጣሪው እርሱ ነው። የፍቅሩ ታሪክ የሚበቅለው ላይና ታች በቀን ውስጥ ቦታቸውን በሚለዋወጡበት በዚህ ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ልቦለዱ ከሌሎች የድኻና የባለጠጋ ፍቅር ታሪኮች የሚበልጥበትም ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የሚያሳዝነው፣ ስንጥቁ ሲጋለጥ በዛብህ ያለው ግስ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ይሸሻል። የፊታውራሪውን ስም በሥራ የፈጸመው እርሱ ሆነ። ደራሲው ለአበጀ በለው የሰጠውን እጅ ለበዛብህ ያልሰጠው ለምን እንደሆነ ጥሩ ጥያቄ ነው። የቅኔ ትምህርት ሰውን ከፍ ቢያደርገውም ብቻውን ያደርገዋል፤ አበጀ በለው ግን ብቻውን አልነበረም።

መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ» ሌላ መንገድ መርጧል። ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰው ባሕሩ ከመኳንንት ወገን ሆኖ ሳለ ገጠር ገብቶ ያስተምራል፤ ገረዱን በለጤንም ያገባል። የቴአትሩ ጉዳይ ከፍና ዝቅ ሆኖ ሳለ በርእሱ ውስጥ ላይም ታችም የለም። ያለው «አቻ» ነው፤ እርሱም በ«ያለ» ታፍርሷል። አቻ ያጡት ሁለቱም ናቸው፤ ርእሱ ከሁለቱ ማንኛቸው ዝቅ እንደሚሉ አይፈርድም፣ ፍርዱን ለዘመድ አዝማዱና ለተመልካቹ ይተዋል፤ ተመልካቹም በሳቀበት ቦታ ሁሉ የገዛ ፍርዱን ሲሰጥ ይያዛል። የገረዲቱ ስም ደግሞ «በለጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። መብለጥ የማን እንደሆነ ጸሐፊው በመጥሪያ ስም ውስጥ ሸጉጦ ትቶታል፤ እመቤት ነኝ የምትለውም ሰው ገረዲቱን በተጣራች ቁጥር መብለጧን ሳታውቅ ትመሰክርላታለች።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ሕይወት ያለው ግን ተዋናዮቹ እስከ ተረዱት ድረስ ነው። በአማርኛ መድረክ ላይ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ። አሽከር ሆኖ የሚጫወተው ሰው መጋረጃው ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ አንገቱን ሰብሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ ከወገቡ ታጥፎ ይገባል፤ እንደ ታጠፈም ይወጣል። ይህ አሽከርን በስም መጫወት ነው። «ዝቅ» የሚለው ቃል ብቻውን እንኳ አይቆምም፤ «አለ» ወይም «አደረገ» ካልደገፈው ትርጉም አይሰጥም። ዝቅ ማለት ጊዜ ያለው ሥራ ነው፤ ጌታው ሲገባ ይጀመራል፣ ጌታው ሲወጣ ያበቃል። እመቤቲቱ ስትመጣ ዝቅ ያለችው ገረድ ወደ ማድ ቤት ተመልሳ ቀና ስትል፣ የእመቤቲቱን አነጋገር ለጓደኛዋ እያስመሰለች ስትስቅ፣ ተመልካቹ በዚያች ቅጽበት ዝቅታው የሰውነቷ ቅርጽ ሳይሆን የተጣለባት ሥራ መሆኑን ያያል። ታጥፎ የሚገባና ታጥፎ የሚወጣ ተዋናይ ይህችን ቅጽበት ይሰርቃታል። «ዝቅ አለ» እና «ዝቅ አደረገው» የሚሉት ሁለቱ አነጋገሮችም በመድረክ ላይ ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች ናቸው፤ በመጀመሪያው ዐይን አሽከሩን ይከተላል፣ በሁለተኛው ጌታውን ይከተላል። «ከፍ ዝቅ አደረገው» ሲባል ደግሞ ሰውየው ተሰደበ ማለት ነው፤ መነሣትም መውረድም በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ከፍ መደረጉ ራሱ ስድብ እንደሚሆን ይህ የዘወትር አነጋገር ዐውቆታል።

«የበታች» ላጣው ግስ ምትክ የሚሆነው ሌላው ቤት የ«ወረደ» ቤት ነው፤ ይህ ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። ከተራራ መውረድ ነውር የለበትም፤ በከተማ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብሎ የሚጮኸው ተሳፋሪ ስለ ክብሩ አይሰጋም። «አወረደ» ሸክምን ነው፤ «አዋረደ» ሰውን ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ከግእዝ ወደ ራብዕ መለወጧ ብቻ ነው። ከዚያ «ተዋረደ»፣ «ውርደት»፣ «ወራዳ» ይከተላሉ፤ ደራሲ ሊጠነቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «ተዋረደ» የተባለው ሰው በሌላ ሰው የደረሰበት ነገር አለ፤ «ወራዳ» የተባለው ግን ምንም አልደረሰበትም፣ እርሱ ራሱ እንዲያ ነው። ተበዳዩ በግስ ሲነገር ተበዳይ ነው፤ በቅጽል ሲነገር በደለኛ ይመስላል። አንድ ሰው ሲዋረድ በዝርዝር የተረከ ደራሲ በሚቀጥለው ገጽ ያንኑ ሰው «ወራዳው» ብሎ ቢጠራው አዋራጁን ከክስ ነጻ አውጥቶታል።

ከዚሁ ቤት የተወለደው «ተዋረድ» ደግሞ በጽሕፈት ቤት ቋንቋ ውስጥ በሰላም ይኖራል። «በየተዋረዱ ያሉ አካላት» የሚለው ሐረግ የሌለበት መመሪያ ማግኘት ያዳግታል። የቃሉ አመጣጥ ስድብ አይደለም፤ «ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ» እየተባለ ስለ አባቶች ልማድ በአክብሮት ይነገራልና፣ ደረጃ በደረጃ መውረድ ማለት ነው። ነገር ግን ከአንድ ሥር «ተዋረድ» የሚባል ሥርዓትና «ውርደት» የሚባል ስሜት መውጣታቸውን ጆሮ አይስተውም። በቢሮ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ተውኔቶች ይህን ቅርበት እስካሁን አልተጠቀሙበትም ማለት ይቻላል፤ አለቃው «ተዋረዱን ጠብቁ» ሲል ጸሐፊዋ የምትሰማው ሁለተኛ ቃል በአንድ ቃለ ተውኔት ብቻ ሊታይ በተቻለ ነበር።

ስሜቱ ከተነሣ ዘንድ፣ በትርጉም የመጣው «የበታችነት ስሜት» መታየት አለበት። ሐረጉ የኦስትሪያዊው የሥነ ልቡና ሊቅ የአልፍሬድ አድለር ሐሳብ ማስተላለፊያ ሆኖ በመምህራንና በጋዜጠኞች ዘንድ ሰፊ ቦታ ይዟል። በአድለር ቋንቋ በጀርመንኛ የቃሉ ሥር የዋጋ ማነስ ነው፤ ከሌላ ሰው ግርጌ መቀመጥ አይደለም። አድለር የተነሣው ማንኛውም ሕፃን በትልልቆች መካከል ትንሽና ደካማ ሆኖ ከሚሰማው ስሜት ነው፤ ሰው ያንን ጉድለት ለማካካስ ሲጥር ያድጋል ወይም ይሰናከላል ይላል። አማርኛው «ያነስኩ መሰለኝ» በሚለው መንገድ ሊሄድ ይችል ነበር፤ «አነሰ» ሙሉ ግስ ነው፣ «አሳነሰ» የሚል አድራጊ አለው፣ «አይተናነስም» የሚል መልስም አለው። ተርጓሚዎች ግን የማዕረግን ቃል መረጡ። በዚህም የሁሉ ሰው የልጅነት ስሜት የነበረው የአንዳንድ ሰዎች ደዌ መስሎ ቀረበ። ዛሬ በልብ ወለድ ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ «የበታችነት ስሜት አለበት» ሲባል ደራሲው ብዙ የተናገረ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ታሪኩን ከመናገር ተርፏል። ይህ ሰው በማን ፊት፣ በየትኛው ደጅ፣ ምን ተብሎ አነሰ? ሐረጉ እነዚህን ጥያቄዎች በሙሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ ወደ ሰውየው ደረት ውስጥ ይከታቸዋል፤ «አለበት» የሚለውም እንደ እዳና እንደ በሽታ በራሱ ላይ ያስቀረዋል።

የቃሉ ፖለቲካዊ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። በሠራዊት ውስጥ «የበታች ሹም» የሚል ስም አለ፤ ግስ ያለው «ሹም» እና ግስ ያጣው «የበታች» በአንድ ትከሻ ላይ የተሰፉበት ነው። ከዚያው ቤት ያለው «ምክትል» ስንኳ ከዚህ የተሻለ ዕድል አለው፤ መከተል ሥራ ነው፣ ተከታይ ነገ ሊቀድም ይችላል። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ወታደሮችና የበታች ሹሞች በምግብና በውሃ ችግር ምክንያት ሲያምፁ አንዱ የምሬት ምክንያት የእነርሱ የውሃ መሳቢያ በተበላሸ ጊዜ መኮንኖቹ ከራሳቸው ውሃ መከልከላቸው ነበር። ማዕረጋቸው አልተለወጠም፤ ሥራቸው ግን ተለወጠ። አለቆቻቸውን አሰሩ፣ ጠየቁ፣ መልስ ጠበቁ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የተቋቋመው ደርግ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ባሉ ሰዎች የተሞላ ነበር፤ በ«የበታች»ነት ሲቆጠሩ የኖሩ ሰዎች ሾሙ፣ ሻሩ። በነገሌ ስለ ሆነው ነገር አንድ ጠንካራ ተውኔት ገና አለመታየቱ ያስገርማል፤ ጉድጓድ፣ ጥም፣ ማዕረግ፣ ለመድረክ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የመሬት ባለቤትነትን ብቻ ሳይሆን የስያሜ ቤቶችንም አናወጠ። «ጭሰኛ» ከጭስ የወጣ ስም ነው፤ ሰውየው በምድጃው ጭስ ይቆጠራል እንጂ የሚሠራው ሥራ በስሙ ውስጥ የለም። «ገባር» ይሻል ነበር፤ «ገበረ» እና «አስገበረ» አብረውት ስላሉ ሰጪውም አስገዳጁም ይታያሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በሰፊው የተሠራጩት ስሞች ግን ሁሉም በሥራ ላይ የቆሙ ናቸው፤ አርሶ አደር፣ ሠርቶ አደር፣ ላብ አደር። አርሶ ያድራል፣ ሠርቶ ያድራል፣ በላቡ ያድራል። ቃላቱ በመፈክር ብዛት ቢደክሙም አሠራራቸው ብልህ ነው፤ «አርሶ አደር» ከሥርዓቱ ውድቀት በኋላ እስከ ዛሬ ሳይሻር የቆየው መንግሥት ስላዘዘው ብቻ አይመስልም።

በዚያው ጊዜ ግን ሌላ የማሳነሻ ቃል ተወልዶ ነበር። «ንዑስ ከበርቴ» በፖለቲካ ክርክር ውስጥ የትንተና ስም ሆኖ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ቅጽል ሆነ፣ ንዑስ ከበርቴያዊ አመለካከት፣ ንዑስ ከበርቴያዊ ወላዋይነት ተባለ፤ ከዚያም ክስ ሆነ። «ንዑስ» የግእዙ «ንእሰ»፣ የአማርኛው «አነሰ» ዘመድ ነው። መምህሩ፣ ጸሐፊው፣ ሠዓሊው ከከበርቴ ያነሰ በመሆኑ ሳይሆን ከላብ አደሩ ከፍ ያለ በመሆኑ ታናሽ ተባለ። አንድ ቃል በሰው ላይ ሲወጣና ሲወርድ እንዲህ ዐይነት ጠማማ ጎዳና የሄደበት ጊዜ ብዙ አይደለም፤ ክሱም በቃል ብቻ ያልቀረባቸው ብዙዎች ነበሩ።

«ጓድ» የመጣው ይህን ሁሉ እኩል ሊያደርግ ነው። ድሮ የመንገድና የዘመቻ ባልንጀራ የነበረው ቃል በእያንዳንዱ ስም ፊት ቆመ፤ «ክቡርነትዎ» እና «ጌታዬ» ከጽሕፈት ቤት ወጡ። በስም ደረጃ ላይና ታች ጠፉ። ሰዋስው ግን በዚህ አልተስማማም። በሬዲዮና በጋዜጣ ጓድ ሊቀመንበሩ «ብለዋል»፣ «አስገንዝበዋል»፣ «መመሪያ ሰጥተዋል»፤ ደብዳቤ የሚያመላልሰው ጓድ በዚያው ቢሮ ኮሪደር ውስጥ «አንተ» ተብሎ ይጠራል፣ «እርስዎ» ብሎ ይመልሳል። ከስሙ የተባረረው ማዕረግ በግሱ መድረሻ ውስጥ ተጠግቶ ኖረ። በዚያ ዘመን የተጻፉትን ልብ ወለዶች ዛሬ የሚያነብ ሰው በቃለ ምልልሱ ውስጥ «ጓድ» የሚለውን በመዳፉ ሸፍኖ የግሶቹን መጨረሻ ብቻ ቢከተል፣ ማን ከማን በታች ተቀምጦ እንደነበረ ሳይሳሳት ይደርስበታል።